የኢጣሊያ የእሽቅድምድም ብስክሌት፦ ታሪኩና የዋጋ ግምቱ

ቆራሌው አሮጌ ዕቃ ሲገዛ የሚይዘው ሚዛን አንድ ነው፤ የተበሳ ድስትም፣ የተሰበረ አልጋም፣ የብስክሌት አካልም በዚያው ይመዘናሉ። አሠራሩ ነቀፌታ የለበትም፤ የሚገዛው ብረት እንደ መሆኑ መጠን ብረቱን መመዘኑ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ለእሽቅድምድም የተሠራ የኢጣሊያ ብስክሌት በዚሁ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ሰውና ጭነት ለማመላለስ የተሠራው ከባድ ብስክሌት 20 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የእሽቅድምድሙ 10 ወይም 11 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። ስለዚህ ብዙ ጥበብ የፈሰሰበት ማሽን፣ ጥበብ ካነሰው ማሽን በግማሽ ያህል ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ሠሪው ተጨንቆና ተጠብቦ የቀነሰው እያንዳንዱ ግራም፣ በሚዛኑ ዘንድ እንደ ጉድለት ይቆጠራል።

ይህ የተገላቢጦሽ ነገር ለመሐንዲሶች ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። የአንድ አሮጌ ማሽን ዋጋ የሚገኘው ከየት ነው? ከብረቱ፣ ከሚሰጠው አገልግሎት ወይስ ከታሪኩ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚገኝ አንድ ወራሽ የአባቱን ብስክሌት ለመሸጥ ሲያስብ የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ብስክሌቱ ወደዚህ አገር የመጣበትን መንገድ፣ ቀጥሎም የተሠራበትን ጥበብ መመርመር ያስፈልጋል።

ከአስመራ እስከ ሜልቦርን

ኤዶዋርዶ ቢያንኪ በሚላኖ ከተማ የብስክሌት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ኢጣሊያ ምጽዋን የያዘችውም በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱ ነገሮች በዘመን ከመገጣጠማቸው በቀር ግንኙነት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በአስመራ ጎዳናዎች ላይ ተገናኙ። ኢጣሊያውያን በቅኝ ግዛታቸው የብስክሌት ውድድርን አስፋፉ፤ ሆኖም የአገሩን ተወላጅ ከነጭ ጋር እኩል አያሰልፉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ኤርትራውያንና ኢጣሊያውያን በአንድነት እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት ጊዜ ግን ድሉ የገብረ ማርያም ገብሩ ሆነ። የበላይነትን ለማሳየት የመጣው ማሽን የበላይነትን ተረት ለማፍረስ ዋለ ማለት ነው። ከዚያም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የመጀመሪያው የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ተካሄደ።

በአዲስ አበባ በኩል ያለው ታሪክ ከወረራው ጋር የተያያዘ ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የነበሩት አምስት ዓመታት ለሕዝቡ የግፍና የደም ዘመን ነበሩ፤ የአንድን ዕቃ ጥራት ማድነቅም ይህን መርሳት አይደለም። ከድሉ በኋላ ከኢጣሊያውያኑ ብዙ ባለሙያዎች በአገሩ ቀርተው በጋራዥና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ተሰማሩ። ሙያው ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ሲተላለፍም ቃላቱን ይዞ ተላለፈ። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ዛሬም በየጋራዡ የሚነገሩት ከዚያ ተወርሰው ነው።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ የአስመራ የውድድር ልምድ ለመላው አገር ብስክሌት ስፖርት መሠረት ሆነ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። ገረመው ደንቦባ በግል የጎዳና ውድድር 24ኛ ሆኖ ፈጸመ። የዚያ ውድድር ርቀት 187.73 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ያሸነፈውም ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው። የአበበ ቢቂላ የሮም ድል ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበርና፣ ኢትዮጵያ በዓለም አደባባይ ራሷን ባስተዋወቀችበት በዚያ የመጀመሪያ ቀጠሮ ብስክሌት ከሩጫ ጎን ቆሞ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን፣ የብስክሌቱ ስፖርት ነባር ማእከል ከኢትዮጵያ ተለየ። በኢትዮጵያ ውስጥ ስፖርቱ በተለይ በመቀሌ ሥር ሰዶ ቀጠለ። የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እርሱ የተሰለፈበት ቡድን የኢጣሊያ ቡድን ሲሆን፣ የተቀመጠበት ብስክሌት ግን የታይዋን ኩባንያ ምርት ነበር። የኢጣሊያ ስም ብቻውን የብስክሌት ጥራት መለኪያ የነበረበት ዘመን ማለፉን ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃዋል። ስለዚህ በየቤቱ የቀረው የቀድሞው ዘመን ብስክሌት ከእንግዲህ በብዛት የማይደገም የሥራ ውጤት ሆኗል።

ቅለቱ የተገኘበት ጥበብ

የእነዚህ ብስክሌቶች ቅለት በአቋራጭ የተገኘ አይደለም። ብዙዎቹ ዕውቅ ሠሪዎች ቱቦዎቹን የሚገዙት በሚላኖ እ.ኤ.አ. በ1919 ከተቋቋመው ከኮሎምቦ ፋብሪካ ነበር፤ ቱቦዎቹም ኮሎምቡስ በሚል ስም ይታወቃሉ። ኤስ ኤል የተባለው ዓይነት የዋና ዋና ቱቦዎቹ የግድግዳ ውፍረት በጫፎቹ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ በመካከሉ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። ኤስ ፒ የተባለው ለከባድ ጋላቢና ለትልቅ አካል የታሰበው ደግሞ በጫፎቹ 1.0፣ በመካከሉ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ የመጉበጥ ጫና የሚበረታው በመጋጠሚያዎቹ አጠገብ ነው፤ የብየዳ ሙቀት ብረቱን የሚያደክመውም እዚያው ነው። በመካከል ያለው ብረት ብዙ ስለማይሠራ ተቀነሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ማረም ይገባል። ውድ ቅይጥ ያለው ብረት ከተራው ብረት ይልቅ ግትር ነው የሚባለው ልክ አይደለም። የብረት የኢላስቲክ ሞዱለስ በቅይጡ ምክንያት እምብዛም አይለወጥም፤ 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ ነው። የክሮምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ጥቅሙ ጥንካሬን መጨመሩ ነው፤ ይኸውም ቀጭኑ ግድግዳ ሳይታጠፍና ሳይሰበር ጫናውን እንዲሸከም ያስችለዋል። ቱቦዎቹም እጅጌ በመሰለ ማያያዣ ውስጥ ገብተው በናስ ወይም በብር ቅይጥ ይበየዳሉ እንጂ በኤሌክትሪክ ቅስት አይቀልጡም። ስለዚህ በተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ሊጠግነው የተነሣ ሰው 0.6 ሚሊ ሜትሩን ግድግዳ ሊበሳው ወይም ዙሪያውን አድክሞ ሌላ ስንጥቅ ሊጠራበት ይችላል።

ከአካሉ ሌላ የብስክሌቱን ስም ያስጠሩት ዕቃዎቹ ናቸው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1927 በኅዳር ብርድ በተራራ ላይ ሲወዳደር ጣቶቹ ደንዝዘው የኋላ ጎማውን ዳዶ መፍታት ስላቃተው፣ በአንድ ዘንግ የሚፈታና የሚጠብቅ ማሰሪያ የመሥራት ሐሳብ እንደ መጣለት ይነገራል። ኩባንያውን በቪቼንዛ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ያ ማሰሪያ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀ ዕቃ ሆኗል።

ሦስቱ መንገዶች

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በዓለም ገና አልፎ ሰበታ ይደርሳል፤ ወደ አምቦ የሚወስደው በአስኮ በኩል ቡራዩን ያቋርጣል፤ የጎጃሙ መንገድ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ተረተር ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። ለብስክሌት ግን ሦስቱ መንገዶች ዛሬም ሦስት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው፤ ከሦስቱም ብርቱው የሱሉልታው ነው።

የቀድሞው የእሽቅድምድም ብስክሌት በፊት 52 እና 42፣ በኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 24 ጥርስ መያዙ የተለመደ ነበር። እጅግ ቀላሉ ማርሽ 42 በ24 ሲሆን፣ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 3.68 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጋላቢው በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞር ፍጥነቱ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አሁን 8 ከመቶ ዳገት ይታሰብ፤ የሰውና የብስክሌት ጠቅላላ ክብደትም 80 ኪሎ ግራም ይሁን። ዳገቱ ብቻ 63 ኒውተን ገደማ ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚያ ፍጥነት ይህን ለማሸነፍ 230 ዋት ያስፈልጋል። የጎማውና የነፋሱ ሰበቃ ሲጨመርበት 250 ዋት ይደርሳል። ይህ ለሠለጠነ ተወዳዳሪ የሚቻል ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በሳሳ አየር ላይ ወደ ሥራው ለሚሄድ ሰው ግን የማይቻል ያህል ነው።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ቱቦላሬ የሚባለው የውድድር ጎማ ውስጡና ውጪው በአንድነት ተሰፍቶ በሙጫ ከቸርኬው ጋር የሚጣበቅ ነው። በተበሳ ጊዜ ስፌቱን ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ መስፋት ያስፈልጋል፤ በየመንገዱ ዳር ያለው ጎሚስታ ይህን አይሠራም። በመሆኑም ባለቤቱ ጎማውን ከነቸርኬው አውጥቶ በሌላ ለመተካት ይገደዳል። እዚህ ላይ የልክ ችግር ይመጣል፤ የቀድሞው ከባድ ባለ 28 ኢንች ብስክሌት ጎማ የሚያርፍበት ቸርኬ ዲያሜትሩ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የእሽቅድምድሙ ልክ 622 ነው። የ6.5 ሚሊ ሜትር የሬዲየስ ልዩነት ፍሬኑ ከቸርኬው ጋር እንዳይገጥም ስለሚያደርግ፣ ፍሬኑም ይለወጣል። ፍሬኑ ሲለወጥ መያዣው ይለወጣል። እንዲህ እየሆነ አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጎተተ፣ በመጨረሻ ከኢጣሊያው ብስክሌት የሚቀረው አካሉ ብቻ ይሆናል። ባለቤቱ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ ማሽኑን ከሚኖርበት መንገድ ጋር ማስታረቁ ነው። የወጡት ዕቃዎች ተጠብቀው ከተቀመጡ ጉዳቱ የሚመለስ ነው፤ ለቆራሌው ከተሰጡ ግን አይመለስም።

ማንነቱን ማረጋገጥ

ግምት ከመነገሩ በፊት መታወቅ ያለበት የብስክሌቱ ማንነት ነው። ስሙን ብቻ አንብቦ መፍረድ አይገባም፤ በቱቦው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ በማንኛውም ጊዜ ሊለጠፍ ይችላልና። ብዙዎቹ የኢጣሊያ ሠሪዎች ዓመትን የሚያመለክት ሥርዓት ያለው ተከታታይ ቁጥር አልተዉም፤ አንዳንድ ጊዜ በአካሉ ላይ የሚገኘው ቁጥር የቁመቱ ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ማስረጃው ከልዩ ልዩ ቦታ ይሰበሰባል።

አንደኛው ማስረጃ የመቀመጫው ዘንግ ዲያሜትር ነው። በደንብ የተሠራ የኮሎምቡስ ኤስ ኤል አካል በአብዛኛው 27.2 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል፤ ኤስ ፒ ደግሞ 27.0። ዘንጉ ከዚህ በብዙ ያነሰ ከሆነ፣ የተለጠፈው ጽሑፍ የሚለውንና ቱቦው የሚመሰክረውን ማመዛዘን ያስፈልጋል። ሁለተኛው በሹካው ግንድ ውስጥ ያለው ምልክት ነው፤ የኮሎምቡስ ኤስ ኤልና ኤስ ፒ ግንድ ከውስጡ አምስት ጠምዛዛ ሸንተረሮች አሉት፤ ይህን ማንም በጣቱ ዳስሶ ሊያውቅ ይችላል። ሦስተኛው የፔዳሉ እንዝርት የሚያልፍበት ቱቦ ነው። በኢጣሊያ ልክ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለቱም ወገን ጥርስ ቀኝ ዙር ነው፤ በእንግሊዝ ልክ ግን ስፋቱ 68 ሚሊ ሜትር፣ የካቴናው ወገን ጥርስም ግራ ዙር ነው። ይህን ሳያውቅ በኃይል የሚፈታ መካኒክ ፈታሁ ሲል እያጠበቀ ጥርሱን ሊበላው ይችላል። በኢጣሊያው ልክ የካቴናው ወገን በግልቢያ ጊዜ ወደ መላላት የሚያዘነብል በመሆኑ፣ ጥርሱ የተበላ እንደሆነ ቀድሞ መመርመር አለበት።

አራተኛው ማስረጃ ዕቃዎቹ ላይ የተመታው ዘመን ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ የካምፓኞሎ የጎማ እምብርቶች መቆለፊያ ዳዶ ላይ የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አኃዞች ይገኛሉ። ኑዎቮ ሬኮርድ በተባለው የኋላ ካምቢዮ ላይም ፓተንት ከሚለው ቃል ቀጥሎ እንዲሁ ይነበባል። ይሁን እንጂ የዕቃው ዘመን የአካሉ ዘመን አይደለም፤ ዕቃ ይለወጣልና። የበርካታ ዕቃዎች ዘመን በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ልዩነት ከተገናኘ ብቻ ብስክሌቱ እንደ ወጣ ሳይነካ ቆይቷል ብሎ መገመት ይቻላል።

ከማንነቱ ቀጥሎ ጤንነቱ ይመረመራል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሲባጎና መለኪያ ነው። ሲባጎው ከኋላው የጎማ መያዣ ተነሥቶ በፊተኛው የመሪ ቱቦ ዙሪያ አልፎ ወደ ሌላው መያዣ ይወጠራል፤ ከዚያም በሁለቱም ወገን ከሲባጎው እስከ መቀመጫው ቱቦ ያለው ርቀት ይለካል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አካሉ ተጣሟል። ከመሪው ቱቦ በታች ያለው የቁልቁል ቱቦ ቆዳ በጣት ሲዳሰስ እብጠት ወይም ሽብሽብታ ካለው፣ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቷል ማለት ነው። የአሉሚኒየሙ የመቀመጫ ዘንግ ለብዙ ዓመት ሳይነቃነቅ በብረቱ ውስጥ ከኖረ፣ ሁለቱ ብረታ ብረቶች በእርጥበት ምክንያት ተበላልተው ይጣበቃሉ፤ በኃይል መንቀል አካሉን ሊያጠፋው ይችላል።

ሦስቱ ዋጋዎችና ሽያጩ

ከዚህ በኋላ ወደ ዋጋው መምጣት ይቻላል። የመጀመሪያው የብረት ዋጋ ነው፤ ከሁሉም ያነሰ፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ገዢ የማያጣ። ሁለተኛው የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ በዚህ መለኪያ የእሽቅድምድሙ ብስክሌት በሰበታም ሆነ በቡራዩ መንገድ ከተራው ብስክሌት ሊበልጥ አይችልም፤ ምክንያቱም ከላይ በማርሹና በጎማው ተገልጿል። ሦስተኛው የታሪክ ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ ግን ከብስክሌቱ ጋር ተጣብቆ የሚኖር አይደለም፤ በማስረጃ ይኖራል፣ ማስረጃው ሲጠፋ ይጠፋል። አንድ ብስክሌት ማን እንደ ገዛው፣ በየትኛው ውድድር እንደ ተሰለፈ፣ የትኛው ዕቃ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ነበረ የሚናገር ሰነድ ወይም ፎቶግራፍ ከሌለው፣ የታወቀ ተወዳዳሪ ንብረት ቢሆን እንኳ ለገዢው ያው አሮጌ ብስክሌት ነው።

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ጥፋት ከበጎ ሐሳብ የሚመጣ ነው። ዕቃው ያምር ዘንድ አካሉን ፍቆ አዲስ ቀለም ያስቀባዋል፤ የደበዘዘውን ጽሑፍ ያስወግዳል፤ የዛገውን ዳዶ ይለውጣል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ ዋጋ ጨመርኩ ሲል የሚቀንሰው ከራሱ ነው። ነባር ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ቢጫጫርም የፋብሪካው እጅ ምስክር ነው። ከሽያጭ በፊት ተገቢው ሥራ በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት፣ ዝገቱ እንዳይቀጥል ዘይት መቀባትና የተለወጡትን ዕቃዎች ፈልጎ አብሮ ማቅረብ ነው። ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም፤ የተጣመመ መሆኑ በጽሑፍ የተገለጸለት ገዢ ዋጋ ይቀንሳል፣ ደብቀው የሸጡለት ግን እምነቱን ሁሉ ይነሣል።

ሌላው ሻጭ የሚሳሳትበት በክፍል በክፍል መሸጥ ነው። የካምፓኞሎ ዕቃዎች ለየብቻ ቢሸጡ አንዳንድ ጊዜ ከሙሉው ብስክሌት የበለጠ ገንዘብ ሊያመጡ ይችላሉ። ይህ የሻጩ መብት ነው፤ ነገር ግን ከተበተነ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይበተናል፣ የአካሉና የዕቃዎቹ ዘመን የሚመሳከርበት መንገድ ይዘጋል። ብስክሌቱ ከአገር የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አሮጌ ብስክሌት ሁሉ ቅርስ ነው ማለት አይደለም፤ ኢትዮጵያን ወክሎ በዓለም መድረክ የተሰለፈ ብስክሌት በየጓዳው ቢገኝ ግን፣ ከመሸጡ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር አጭር ነው። ሚዛን ብረትን ይመዝናል፤ የመንገዱ ዳገት አገልግሎትን ይመዝናል፤ ታሪክን የሚመዝን ግን የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። የማኅበሩ አባላት በሚሠሩበት ከተማ አሮጌ ብስክሌት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ዋጋውን ከመናገር በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ቢሞሉ ከባድ ሥራ አይሆንባቸውም፦ የመቀመጫው ዘንግ ልክ፣ የእንዝርቱ ቱቦ ስፋትና የጥርሱ አዟዟር፣ በዕቃዎቹ ላይ የተመቱት ዓመታት፣ በሲባጎ የተለካው ቀጥተኛነት፣ የነባሩ ቀለም ሁኔታ፣ የባለቤቶቹ ተከታታይነትና ሁለት ፎቶግራፎች። ብስክሌቱ ከዚያ በኋላ በሱሉልታ ቢቀር፣ ወደ ሚላኖ ቢመለስ ወይም በቆራሌው ሚዛን ላይ ቢወጣ እንኳ፣ ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት በአገሩ ይቀራል።